ካርቱን የሚመስለው የተኩስ ጌም ለልጃችሁ ይሆናል ወይ? ከማውረዳችሁ በፊት እንዲህ ፈትሹት

ባለፈው ሳምንት እህቴ ከደብረ ሲና ደወለችልኝ። ከኋላዋ የልጇ ድምፅ ይሰማኛል። «እማዬ በናትሽ፣ ካርቱን እኮ ነው!» እያለ ይለምናታል።

«ወንድምጋሼ፣ ይሄ ልጅ አላስቀምጥ አለኝ። ጓደኞቼ ሁሉ ይጫወቱታል የሚለው የተኩስ ጌም አለ። ላውርድለት ወይስ ይቅር?» አለችኝ።

«ይቅር» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከሁለት ዓመት በፊት ለትልቁ ልጄ ምንም ሳላይ «ይሁን» ብዬ ፈቅጄ፣ ኋላ ስጸጸት ከርሜያለሁ። ሳያዩ መከልከልም ያው ነው። ልጅ ያላያችሁትን ነገር እንደከለከላችሁት ያውቃል። በሚቀጥለው ጊዜ አይጠይቃችሁም፤ ጎረቤት ሄዶ ይጫወታል። ስለዚህ «ቅዳሜ ልጁን ይዘሽው ነይ፣ አብረን እናየዋለን» አልኳት።

እኛ የምንኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። 14 እና 10 ዓመት የሆናቸው ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ። እዚህ ብርዱ ሲጠና ልጆች ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ውጭ አይታዩም። ብርድ ልብስ ተከናንበው ስልክ ላይ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው የእህቴ ብቻ አይመስለኝም። እኔ የማየው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

1. የጌሙን ስም በትክክል ያዙ

ልጆች «የተኩሱ ጌም» ይላሉ። አንድ ጌም ግን አይደለም። እኛ ሰፈር የምሰማቸው ፍሪ ፋየር፣ ፐብጂ፣ ብራውል ስታርስ እና ፎርትናይት ናቸው። አራቱንም ያለ ክፍያ መጫወት ይቻላል፣ አራቱም ላይ ይተኮሳል፣ ግን አንዱ ከሌላው በጣም ይለያል። ፎርትናይት ጠንከር ያለ ስልክ ስለሚፈልግ ብዙ ጊዜ የሚጫወቱት ጌም ቤት ነው። ፍሪ ፋየር በርካሽ ስልክም ይሠራል፤ በየቤቱ የገባውም ለዚህ ነው።

ስሙን ከያዛችሁ በኋላ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ልጆች ዳታ ለመቆጠብ ጌሙን በዜንደር ወይም በቴሌግራም ይላላካሉ። እንዲህ የመጣ ፋይል የተነካካ ሊሆን ይችላል። «ሁሉም ነገር የተከፈተበት ነው» እየተባለ የሚዞረው ደግሞ ያለ ጥርጥር ተነካክቷል። አጥፉትና ከፕሌይ ስቶር አውርዱ። ዳታ ይበላል፣ አውቃለሁ። ዋይፋይ እስክታገኙ ጠብቁ።

2. የዕድሜ ምልክቱን እዩ፣ ግን እዚያ ላይ አትቁሙ

ፕሌይ ስቶር ላይ ከጌሙ ስም በታች የዕድሜ ምልክት አለ። ምልክት ከሚሰጡት ተቋማት ውስጥ ሁለቱ በደንብ ይታወቃሉ፤ የአሜሪካው ኢኤስአርቢ እና የአውሮፓው ፔጊ። የፎርትናይትን የተኩስ ጨዋታ ኢኤስአርቢ ከ13 ዓመት፣ ፔጊ ደግሞ ከ12 ዓመት ጀምሮ ነው ይላሉ።

ምልክቱ የሚጠቅመው «ካርቱን እኮ ነው» የሚለውን ክርክር ለመመለስ ነው። ቲም ፎርትረስ 2 የሚባል እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጌም አለ። ሰዎቹ እንደ ካርቱን የተጋነኑ ናቸው፣ ቀለማቸውም የደመቀ ነው። ስዕሉን ብቻ ያየ ለልጅ የተሠራ ይመስለዋል። ግን ደም አለው፣ አካል ይበጣጠሳል። ኢኤስአርቢ ከ17 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም ብሎታል። በሌላ በኩል ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ስፕላቱንም የተኩስ ጌም ነው። የሚተኮሰው ግን ቀለም ነው፤ በዋናው ጨዋታ የሚያሸንፈውም ብዙ መሬት የቀባው ቡድን ነው። ለእሱ ኢኤስአርቢ የሰጠው ምልክት ከ10 ዓመት ጀምሮ የሚል ነው። ሁለቱም ካርቱን ይመስላሉ። ልዩነታቸው ግን ሰማይና ምድር ነው።

ምልክቱ የማይነግራችሁ ነገርም አለ። ሌላው ተጫዋች ለልጃችሁ ምን እንደሚለው አይመዝንም። ኢኤስአርቢ ራሱ በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር የሚደረገው ንግግር በምልክቱ ውስጥ እንዳልተካተተ ይጽፋል። ልጃችሁ ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነም አያውቅም።

3. አንድ ሙሉ ዙር ራሳችሁ ተጫወቱ

የማስታወቂያው ቪዲዮ አይበቃም፤ ተመርጦ የተቀነጨበ ነው። ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡና «እስቲ አስተምረኝ» በሉት። ልጅ አባቱን ወይም እናቱን ሲያስተምር ደስ ይለዋል። በግድ ጠይቃችሁት የማይነግራችሁን ሁሉ ይነግራችኋል።

ስትጫወቱ ሰው ሲመታ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ፎርትናይት ላይ ደም የለም። የተሸነፈው ሰው ላይ ትንሽ ድሮን መጥታ በብርሃን ታነሳዋለች፣ ከዚያ ይጠፋል። ብራውል ስታርስ ላይ ተጫዋቹ ብን ይልና በብዙዎቹ ጨዋታዎች ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ይሄ ወድቆ ከሚቀር፣ ከሚያቃስት ሰው ጋር አንድ አይደለም።

ከዚያ መሣሪያውን እዩ። ቀለም የሚረጭ፣ ኮከብ የሚወረውር ነው ወይስ የእውነት ጠመንጃ ቅርፅና ስም ያለው? ፍሪ ፋየር ላይ ኤኬ፣ ማለትም ክላሽ አለ፣ ኤምፒ40 የሚባል መሣሪያም አለ። ሌላ አገር ያለ ልጅ ይህን በስክሪን ብቻ ያውቀው ይሆናል። የእኛ ልጆች ግን ክላሽ በሰው ትከሻ ላይ ነው የሚያውቁት። ይህን ሳናስብ የውጭ አገር ወላጅ «ችግር የለውም» ያለውን ብንደግም ልጆቻችንን አላየናቸውም ማለት ነው።

ማሸነፍ ማለት ምን እንደሆነም ጠይቁ። ፎርትናይት ላይ በአንድ ዙር 100 ሰው ወደ ሜዳው ይወርዳል፣ ፍሪ ፋየር ላይ 50። የሚያሸንፈው መጨረሻ ላይ በሕይወት የቀረው ነው። ብራውል ስታርስ ላይ ደግሞ ሦስት ለሦስት ሆነው 10 ዕንቁ ሰብስቦ የመያዝ ጨዋታ አለ። ተኩሱ ቢኖርም ዓላማው ሌላ ነው። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ። ልጁ ሲጨርስ «ስንት ገደልኩ» ሳይሆን «ዕንቁውን ይዤ አመለጥኩ» ብሎ ነው የሚያወራው።

ደግሞ ስክሪኑን ብቻ አትዩ። ታናሹ ልጄ ሲጫወት አንድ ቀን ጣቶቹን አየሁ። ፍሪ ፋየር ላይ ተጫዋቾቹ ሊቆዩበት የሚገባው ክብ እየጠበበ፣ የቀሩት ሰዎች አራት ሆነው ነበር። የአውራ ጣቱ ጥፍር ነጥቷል። ትንፋሹን ይዟል። እናቱ ሁለት ጊዜ ጠርታው አልሰማም። ዙሩ አልቆ ስልኩን ሲያስቀምጥ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ቀን ነው ለእሱ ዕድሜ ይሄ ጌም ገና ነው ያልኩት። ደም አላየሁም። ያየሁት እጁን ነው።

4. ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙት

ይህን ለሰሜን ሸዋ ወላጆች ለብቻው ነው የምጽፈው።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ሲደርስ እህቴ ልጇን ይዛ ወደ እኛ መጣች። ልጁ ያኔ አምስት ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። ሰባት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ አደርን። የጎረቤት የቆርቆሮ በር በንፋስ ጓ ሲል ልጁ ከጠረጴዛ ሥር ይገባ ነበር። አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ይስቃል፣ ኳስ ይጫወታል። እንዲህ ያለ ልጅ ጌም ሲጠይቅ ግን «ጓደኞቹ ሁሉ ይጫወቱታል» የሚለው አይበቃም።

ቅዳሜ ሲመጡ ሁለቱንም ጌም አሳየሁት። ብራውል ስታርስን ድምፁን ከፍ አድርጌ ከፈትኩ። ሳቀ፣ ስልኩን ቀማኝ። ቀጥሎ ፍሪ ፋየርን ከፈትኩ። መጀመሪያ ሙዚቃው ነበር፣ ደህና ነው። ዙሩ ተጀምሮ ከሩቅ የተኩስ ድምፅ መጣ፣ ከዚያ በሳር ላይ የሚሮጥ እግር። ልጁ ምንም አላለም። ስልኩን በፊቱ ደፍቶ ፍራሹ ላይ አስቀመጠው። ቆይቶ «ጋሼ፣ ይሄኛው የእውነት ይመስላል» አለኝ።

እህቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ምንም አልተባባልንም።

ስለዚህ ልጃችሁ የተኩስ ድምፅ በጆሮው የሰማ ከሆነ፣ የተፈናቀለ ከሆነ፣ ዘመድ ያጣ ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ድምፁን አሰሙትና ፊቱን እዩ። ዝም ካለ፣ ከደነገጠ፣ አቁሙ። እንደዚያው በተቃራኒው ተኩሱን ብቻ ደጋግሞ ማየት ከፈለገ፣ ማቆም ካቃተው ያም ምልክት ነው። ሌሊት እየባነነ፣ ወይም አቁሞት የነበረውን ሽንት ፍራሽ ላይ መሽናት እንደገና ከጀመረ ደግሞ ነገሩ ከጌም ያለፈ ነው። ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ አማክሩ። አያሳፍርም። ልጆቻችን ብዙ ነገር አይተዋል።

5. የልደት ዘመኑን ፈትሹ

ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ብዙ ቤት ተበላሽቶ ያገኘሁት እሱን ነው።

ጌሙ ወይም የጉግል አካውንቱ መጀመሪያ ላይ የልደት ዘመን ይጠይቃል። ልጁ በ2008 ነው የተወለድኩት ብሎ 2008 ይጽፋል። አልዋሸም፤ እኛ ያስተማርነውን ነው የጻፈው። ጌሙ የሚቆጥረው ግን በፈረንጅ ነው። የእኛ 2008 በእነሱ 2015 መጨረሻ ወይም 2016 ነው። ስለዚህ የአሥር ዓመቱ ልጅ በጌሙ ዓይን 18 ሊሞላው የደረሰ ወይም የሞላው ጎረምሳ ሆነ ማለት ነው። ለትንንሽ ልጆች የተዘጋጀው መከላከያ ሁሉ በዚያች አንዲት ቁጥር ተነሳ።

የፎርትናይት አምራች ኤፒክ ጌምስ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ ከ13 ዓመት በታች ነኝ ላለ ልጅ የተገደበ አካውንት ይሰጣል። ወላጅ እስኪፈቅድ ድረስ ማውራትም ሆነ በገንዘብ መግዛት አይችልም። ይህ የሚሠራው ግን ዕድሜው በትክክል ከተጻፈ ነው። በመስከረምና በታኅሣሥ መካከል ለተወለደ ልጅ ሰባት፣ ከጥር እስከ ጳጉሜን ለተወለደ ስምንት ደምሩና ጻፉ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከሆነ ቀኑን በካላንደር አረጋግጡ።

አካውንቱ በተሳሳተ ዘመን ከተከፈተ ልጁን አትቆጡ። አብራችሁ አስተካክሉት። ማስተካከል ካልተቻለ አዲስ ክፈቱ።

6. ማን እያወራው ነው?

ከጠመንጃው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ትልቁ ልጄ ኢርፎን ሰክቶ ሲጫወት ጸጥታ ነው የሚመስለው። ቤቱ ሰላም ነው ብለን እንቀመጣለን። አንድ ምሽት ኢርፎኑ ሲነቀል የስልኩ ድምፅ ወጣ። ጢም ያወጣ ሰው ድምፅ ነው። በአማርኛ እናት እየጠራ ይሳደባል። ልጄ በዚያ ሰዓት 12 ዓመቱ ነበር። ፊቱ ላይ ድንጋጤ አልነበረም። ለምዶታል። ያ ነው ያስደነገጠኝ።

ፍሪ ፋየር በድምፅ ያስወራል። ፐብጂም፣ ፎርትናይትም እንዲሁ። አራት ሆነው ቡድን ሲሠሩ ጌሙ የማያውቁትን ሰው ሊመድብላቸው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ያለ ኢርፎን ይጫወት። ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የድምፅ ወሬውን ዝጉ፣ ማይኩንም ዝጉ። የጽሑፍ መላላኪያውንም እዩ፤ ብራውል ስታርስ ላይ ክለብ የሚባል ስብስብ አለ፣ እዚያም ይጻጻፋሉ።

ከዚያ ለልጁ ሦስት ነገር ንገሩት። ስሙን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ሰፈሩን ለማንም አይናገርም። «ቴሌግራም ላይ እናውራ» ያለውን ሰው ወዲያው ይነግራችኋል። ፎቶ የጠየቀውንም እንዲሁ። ሲነግራችሁ ስልኩን እንደማትነጥቁት ቃል ግቡለት፣ ቃላችሁንም ጠብቁ። ስልኬን ይወስዱብኛል ብሎ የሚፈራ ልጅ ምንም አይናገርም።

የአሜሪካ ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ኤፒክ ጌምስን 520 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሏል። ከዚያ ውስጥ 275 ሚሊዮኑ የልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ በመሰብሰቡ የተጣለ ቅጣት ነው። የድምፅና የጽሑፍ ወሬው ለልጆችም ከመጀመሪያው ክፍት ሆኖ መምጣቱም በክሱ ውስጥ ነበር። ክፍት ሆኖ የሚመጣ ነገር ካልዘጋነው ክፍት ሆኖ ይቀራል።

7. ገንዘቡ የት ነው?

ነጻ ጌም ከየት ገንዘብ ያገኛል ብላችሁ ልጁን ጠይቁት። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ትንንሽ ልጆችም ይገባቸዋል። የሚሸጠው ልብስ፣ ጭፈራ፣ የጠመንጃ ቀለም ነው። ፍሪ ፋየር ላይ ዳይመንድ፣ ፎርትናይት ላይ ቪባክስ፣ ፐብጂ ላይ ዩሲ ይሉታል። ብሩ ሌላ ስም ሲወጣለት ልጅ ብር መሆኑን ይረሳል። ቀሪው የ520 ሚሊዮን ዶላሩ ክፍል፣ 245 ሚሊዮኑ፣ ሳያስቡት አንድ ቁልፍ ነክተው ለተቆረጠባቸው ተጫዋቾች ተመላሽ እንዲሆን የተወሰነ ነው።

እዚህ አገር የውጭ አገር ክፍያ የሚሠራ የባንክ ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ልጆች የሚገዙት ቴሌግራም ላይ ከሚሸጡ ሰዎች ነው። በሞባይል ብር ይልካሉ፣ ሰውየው ይሞላላቸዋል። ልጄ ከእነዚህ በአንዱ ተበልቷል። ቀን ላይ ተኝቼ ሳለ ከስልኬ 450 ብር ላከ። ፒኑን የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ለእናቱ ብር እንዲልክልኝ ብዬ ነበር። ሻጩ «ለማስገባት ፓስወርድህን ስጠኝ» አለው፣ ሰጠው። ብሩም ሄደ፣ አካውንቱም ሄደ። ልጁ ሁለት ቀን ሳይነግረን እንጀራ አልበላም።

ፍሪ ፋየር ላይ ዳይመንድ ለመሙላት የተጫዋቹ መለያ ቁጥር ይበቃል። ፓስወርድ የሚጠይቅ ሌባ ነው። ይህን ለልጆቻችሁ በዚሁ ቃል ንገሯቸው። ፒናችሁን ቀይሩ፣ ለልጅ አትንገሩ።

ምን እንደሚወጣ ሳይታወቅ የሚከፈት ሣጥን ያለበትን ጌም ደግሞ ለብቻው አስቡበት። ከፍሎ ዕድሉን የሚሞክር ልጅ ያው ዕጣ እየቆረጠ ነው። ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ2018 በገንዘብ የሚገዛውን እንዲህ ያለ ሣጥን ቁማር ነው ብላ ከልክላለች። እኔም ቤቴ ውስጥ ከልክያለሁ።

8. አንድ ዙር ስንት ደቂቃ ነው?

«አሁኑኑ አጥፋ» ስትሉት ልጁ ለምን እንደሚጮህ የሚገባችሁ ይህን ስታውቁ ነው። የፍሪ ፋየር ዙር 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የብራውል ስታርስ ጥቂት ደቂቃ ነው። ፎርትናይትና ፐብጂ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሊሄዱ ይችላሉ። መሃል ላይ አቋርጦ መውጣት አይቻልም፤ ከወጣ ጓደኞቹን ጥሎ ነው።

ስለዚህ በደቂቃ ሳይሆን በዙር ተስማሙ። «ሦስት ዙር» በሉት። ሱቅ የምትልኩት ከሆነ «ይሄ ዙር ሲያልቅ ሂድ» በሉት። እኛ ቤት ጭቅጭቁ በግማሽ የቀነሰው በዚህ ነው። አጭር ዙር ያለው ጌም ለትንሽ ልጅ የተሻለ የሚሆነውም ለዚሁ ነው። እናቱ ስትጠራው መነሳት ይችላል።

9. ስልኩ ላይ የምትዘጉት

ፕሌይ ስቶር ውስጥ የፕሮፋይል ምስሉን ነክታችሁ ወደ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፋሚሊ፣ ከዚያ ፓረንታል ኮንትሮልስ ግቡ። የዕድሜ ገደብ አስቀምጡና ልጁ የማያውቀውን ፒን ስጡት። ለግዢ ሁልጊዜ ፓስወርድ እንዲጠይቅ አድርጉ። ልጁ የራሱ ስልክ ካለው የጉግልን ፋሚሊ ሊንክ ጫኑ። ጌም ሲያወርድ ፈቃድ ይጠይቃችኋል፣ ሰዓትም ትወስኑለታላችሁ። ፎርትናይት የራሱ የወላጅ ፒን አለው። እንደ ሌጎ ፎርትናይት ያሉ ለትንንሾቹ የሚቀሉ ጨዋታዎችም በውስጡ ስላሉ፣ በዕድሜ መገደብ ይቻላል።

10. ጌም ቤቱን ሄዳችሁ እዩ

ቤት የዘጋችሁት ሁሉ ጌም ቤት ክፍት ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ራሳችሁ ግቡ። ማን እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚጫወቱ፣ ይጨስ እንደሆነ፣ በብር እንደሚወራረዱ እዩ። ለባለቤቱ በትህትና፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ልጄ ነው፣ እግር ኳሱን ይጫወት፣ የተኩሱን ግን አታስነካብኝ፣ ከ11 ሰዓት በኋላም አታስቀምጥብኝ» በሉት። ብዙዎቹ ይሰማሉ። እነሱም ልጅ አላቸው።

11. አንድ ሳምንት ሞክሩና ልጁን እዩ

ያለፈውን ሁሉ አይታችሁ ይሆናል ካላችሁ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ ፍቀዱ። ለልጁም «ለሙከራ ነው» ብላችሁ ንገሩት። በዚያ ሳምንት ጌሙን ተዉትና ልጁን ተመልከቱ። ካቆመ በኋላ ስንት ደቂቃ ነው የሚቆጣው? እንቅልፉ እንዴት ነው? ኳስ ጓደኞቹ ሲጠሩት ይወጣል? ታናሹን ይመታል? አፉ ላይ አዲስ ስድብ ገብቷል? እኔ በደብተር ጀርባ ላይ እጽፍ ነበር። በሦስተኛው ቀን የማትጠብቁትን ነገር ታያላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ጌም ስለወደደ ታሟል ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል፤ ዝርዝሩ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ግን በሽታ ለመባል ልጁ ራሱን መቆጣጠር አቅቶት፣ ትምህርቱና ኑሮው እየተጎዳም ጌሙን ማቆም ተስኖት፣ ይህም ብዙ ጊዜ ለ12 ወራት ያህል ሲቀጥል ነው። ስለዚህ ቶሎ «ሱሰኛ» አትበሉት። ቃሉ ልጅን ያቆስላል።

የእኔ ውሳኔ ይህን ይመስላል። ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ በኢንተርኔት የሚደረግ የተኩስ ጌም አልፈቅድም፣ ካርቱንም ቢሆን። ከስምንት እስከ 11 ላለው ደም የሌለው፣ መሣሪያው የእውነት የማይመስል፣ ዙሩ አጭር የሆነ፣ ወሬው የተዘጋ ከሆነ፣ እኔ ባለሁበት ክፍል ውስጥ እፈቅዳለሁ። 12 እና 13 ላይ ከልጁ ጋር ተነጋግሬ እወስናለሁ። ፍሪ ፋየርና ፐብጂን ከዚያ በፊት አልሰጥም። ሌላ ወላጅ ሌላ መስመር ሊያወጣ ይችላል። ልጁን የሚያውቀው እሱ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ እህቴንና ልጇን መነኻሪያ ሸኘኋቸው። ፍሪ ፋየር እንዲቀር እሱ ራሱ ተስማምቷል። ብራውል ስታርስ ድምፁ ተቀንሶ፣ በቀን ሦስት ዙር፣ እናቱ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀምጦ። መኪናው እስኪሞላ ስልኳን አውጥታ አካውንቱን አሳየችኝ። የልደት ዘመኑ 2009 ይላል። ጥር ላይ ነው የተወለደው። አጠፋነውና በፋሚሊ ሊንክ አዲስ ከፈትንለት፣ 2017 ብለን። «ጋሼ፣ አሁን አነስኩ እንዴ?» አለኝ ልጁ በመስኮት። «አሁን ልክ ሆንክ» አልኩት። መኪናው ወደ ጣርማ በር መንገድ ወጣ።